ካሜራው ቀዘቀዘ፣ ነጠብጣቡ ግን ባሰ

ከሱሉልታ የደረሰኝን ጥያቄ ላሳጥረው። ጠያቂዋ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት ናት።

«ጋሼ፣ ለትምህርት ቤታችን የሥነ ፈለክ ክበብ አንድ አሮጌ የጥበቃ ካሜራ ከቴሌስኮፕ ጋር አገጣጥሜያለሁ። ሲሲዲ ሴንሰር (ብርሃንን ወደ ምስል የሚቀይር ቺፕ) ያለው፣ ለተወሰኑ ሰከንዶች ብርሃን እያጠራቀመ የሚያሳይ ዓይነት ነው። የኦሪዮን ኔቡላን፣ ያንን በሰማይ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና፣ ለተማሪዎቹ ላሳይ ስል ስክሪኑ በነጭ ነጠብጣብ ይሞላል። ማቀዝቀዝ ይረዳል ሲባል ሰምቼ ባለ 40 ሚሊሜትር ፔልቲየር (ኤሌክትሪክ ሲሰጡት አንዱ ገጹ የሚቀዘቅዝ፣ ሌላው የሚግል ጠፍጣፋ ዕቃ) ገዛሁ። ከካሜራው ጀርባ በሙጫ ለጠፍኩት። በላዩ ትንሽ ሂትሲንክ (ሙቀት የሚበትን ባለ ክንፍ ብረት) እና ፋን አድርጌ ከ12 ቮልት ጋር አገናኘሁት። እንዲቆጣጠርልኝ ደግሞ ለጫጩት መፈልፈያ የሚሸጠውን ቴርሞስታት ገጠምኩ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ምስሉ ጠራ። ከዚያ ነጠብጣቡ ተመልሶ መጣ፣ እንዲያውም ባሰበት። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ መሃሉ ላይ ጉም የመሰለ ነገር ታየ። በማግስቱ ካሜራው ጭራሽ እምቢ አለ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ትልቅ ፔልቲየር ልግዛ?»

ጋሼ ካልሽኝ አንቺ ልበልሽ። ትልቅ ፔልቲየር አትግዢ። ያለሽም ለዚህ ሥራ በዝቷል።

እኔ ለገጣፎ ውስጥ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ሰማይ ማየት የጀመርኩት በኋላ ነው። ደንበኛ መጥቶ «ፍሪጄ ብርዱ ጠፋ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ብርዱ አይደለም። ጀርባው ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል ወይ? ላዩ ላይ ብርድ ልብስ ተከምሯል ወይ? እያልኩ ነው የምጠይቀው። ፍሪጅ ብርድ አያመርትም። ከውስጥ ሙቀት ተሸክሞ በጀርባው የሚያወጣ ሸክም አመላላሽ ነው። የሚያራግፍበት ቦታ ካጣ ይዞት ይመለሳል። ያንቺም ካሜራ የደረሰበት ይኸው ነው።

ቁጥሩን አብረን እንየው። በብዛት የሚሸጠው ባለ 40 ሚሊሜትር ፔልቲየር 12706 የሚል ቁጥር አለው። 127ቱ ውስጡ ያሉት ጥንድ ጥቃቅን ኩቦች ናቸው፣ 06 ደግሞ 6 አምፔር ማለት ነው። 12 ቮልት ስትሰጪው ወደ 5 አምፔር ገደማ ይጎትታል። ይህ ከ50 ዋት በላይ ነው። ካሜራሽ ራሱ ስንት ይበላል? እንዲህ ያለ ካሜራ በ12 ቮልት 100 ሚሊአምፔር ገደማ ነው የሚወስደው፤ አንድ ዋት ከምናምን። አንድ ዋት ሙቀት ለማውጣት የ50 ዋት ምድጃ ጀርባው ላይ ለኮስሽ ማለት ነው። ፔልቲየሩ የሚበላው ኤሌክትሪክ በሙሉ ሙቀት ሆኖ በትኩሱ ገጽ ይወጣል። ሂትሲንክሽ ትንሽ ከሆነ ያንን አይችለውም።

እንበልና የሱሉልታ ሌሊት 8 ዲግሪ ነው። ካሜራው ምንም ሳይቀዘቅዝ ቢሠራ ሴንሰሩ ከአየሩ በ15 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፣ 23 ገደማ። አሁን ፔልቲየሩን አበራሽ። መጀመሪያ ሂትሲንኩ ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሁሉም ነገር አሪፍ ነው። ያቺ አምስት ደቂቃ እሷ ናት። ከዚያ ሂትሲንኩ እየጋለ ሄዶ 80 ዲግሪ ደረሰ እንበል። ፔልቲየሩ በሁለቱ ገጾች መካከል የ45 ዲግሪ ልዩነት ቢፈጥርልሽ እንኳ ቀዝቃዛ የምትይው ገጽ 35 ዲግሪ ነው። ካሜራውን እያሞቅሽው ነበር። ነጠብጣቡ የባሰው ለዚህ ነው።

ነጠብጣቡ ከሙቀት ጋር ያለው ዝምድና ቀልድ አይደለም። ሲሊከን ሴንሰር ብርሃን ባያገኝም በሙቀት ብቻ ኤሌክትሮን ያጠራቅማል። ሙቀቱ በ6 ወይም በ7 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይህ የጨለማ ጅረት በግምት እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒው 20 ዲግሪ ካወረድሽው ወደ አንድ ስምንተኛ ይቀንሳል። ስለዚህ 20 ዲግሪ ይበቃሻል። ከዜሮ በታች 30 የሚል ቁጥር አይተሽ አትጓጊ፣ ያ የፋብሪካ ሥራ ነው።

ቴርሞስታቱን ደግሞ አውጪው። ለጫጩት ጥሩ ነው፣ ለፔልቲየር ግን አይሆንም። የፍሪጅ ኮምፕረሰር ሲያርፍ ውስጡ ቀዝቅዞ ይቆያል፣ ምክንያቱም በትኩሱና በቀዝቃዛው መካከል ወፍራም ፎም አለ። ፔልቲየር ግን ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር ያህል ነው። የቴርሞስታቱ ማብሪያ ማጥፊያ (ሬሌው) ቀጭ ብሎ ሲያጠፋው የሂትሲንኩ ሙቀት በዚያው በፔልቲየሩ ውስጥ ተንደርድሮ ወደ ሴንሰሩ ይመለሳል። ከዚያ እንደገና ይበራል። ሴንሰሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ያድራል፣ ፔልቲየሩም ውስጡ ያሉት ብየዳዎች በመስፋትና በመኮማተር ይሰነጠቃሉ። ትንሽ ቮልት ሰጥተሽ ሳታቋርጪ አሠሪው።

ወደ ሥራው ከመግባትሽ በፊት ግን አንድ ነገር። ለጁፒተር፣ ለሳተርንና ለጨረቃ ከሆነ ምንም ማቀዝቀዣ አያስፈልግሽም። እነሱ ብሩህ ናቸው፣ ካሜራው በሰከንድ 25 ጊዜ እያነሳ ሴንሰሩ የሚያጠራቅምበት ጊዜ የለውም። ማቀዝቀዝ ዋጋ የሚኖረው ለኔቡላና ለኮከብ ክምችት ብቻ ነው። ለዚያም ቢሆን መጀመሪያ የካሜራውን ቆርቆሮ አውልቀሽ ቦርዱ ላይ ትንሽ ፋን አንፊሺበት። ከዘጋሽው ጊዜ ጋር ስታነጻጽሪው ልዩነቱን በዓይንሽ ታይዋለሽ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም ይበቃው ነበር።

አይ፣ የበለጠ እፈልጋለሁ ካልሽ እንቀጥል።

ትልቁ ስህተትሽ ሙጫው ነው። ፔልቲየሩን የለጠፍሽው ከካሜራው ቆርቆሮ ጀርባ ላይ ነው። ሴንሰሩ ደግሞ ከፊት፣ ሌንሱ ሥር ነው። በመካከላቸው ባዶ አየር አለ፣ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አያሻግርም። ብርዱን ሴንሰሩ ድረስ የሚወስድ ድልድይ ያስፈልግሻል።

ቦርዱን በካቻቢቴ ፈትተሽ አውጪና በጎን በኩል በደንብ ተመልከቺው። የድሮ ሲሲዲ ሴንሰሮች በግራና በቀኝ የተደረደሩ እግሮች አሏቸው። ብዙ ጊዜ በሴንሰሩ ሆድና በቦርዱ መካከል የምላጭ ወይም የሳንቲም ውፍረት የምታህል ክፍተት ትተርፋለች። ወርቋ እሷ ናት። በዚያች ክፍተት ልክ፣ ከእግሮቹ መሃል የሚያልፍ የመዳብ ጠፍጣፋ ቁረጪ። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ባር ወይም ከተዘረጋ የመዳብ ቱቦ ይወጣል፤ እኔ የፍሪጅ ቱቦ ሰንጥቄ ቀጥቅጬ እጠቀማለሁ። ጠርዙን በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺ። አንዲት እሾህ ብትቀር እግር ነክታ ሾርት ታደርጋለች። ጎንና ጎኑን ሙቀት በሚችለው ቡናማ ፕላስተር ጠቅልዪ፤ የሴንሰሩን ሆድ የሚነካውን ፊት ብቻ ባዶ ተዪና ሙቀት የሚያሻግር ቅባት (ቴርማል ፔስት) ስስ አድርገሽ ቀቢው። ካስገባሽ በኋላ በቴስተር መዳቡንና እያንዳንዱን እግር ለኪ። ድምፅ ካሰማ አውጪና እንደገና ጀምሪ። ይህን ሳታደርጊ ኃይል እንዳትሰጪው።

ክፍተት ከሌለው፣ ወይም ካሜራው አዲሱ ዓይነት ሆኖ ሴንሰሩ ቦርዱ ላይ ተኝቶ ከተበየደ፣ ከቦርዱ ጀርባ ልክ በሴንሰሩ ትይዩ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ቴርማል ፓድ አድርገሽ መዳቡን ተጫኚበት። ውጤቱ ያንሳል፣ ግን ይሠራል።

የመዳቡ ሌላ ጫፍ ከፔልቲየሩ ቀዝቃዛ ገጽ ጋር ይገናኛል። የትኛው ገጽ ቀዝቃዛ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ለሁለት ሰከንድ አስነኪውና በጣትሽ ዳሺው፤ ወዲያው ታውቂዋለሽ። ያለ ሂትሲንክ ከ12 ቮልት ጋር ግን ለአፍታም ቢሆን እንዳታገናኚው፣ ውስጡ ያለው ብየዳ ይቀልጣል።

ለትኩሱ ገጽ የአሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ላይ የሚቀመጠውን ትልቅ ሂትሲንክ ከነፋኑ ፈልጊ። አንዳንዶቹ መሃላቸው መዳብ ነው፣ እነሱን ካገኘሽ አትለፊያቸው። ኮምፒውተር ጥገና ቤቶች በካርቶን ያከማቹታል። መርካቶ ምናለሽ ተራም አይጠፋም። ሌላ የማምነው ምንጭ አለ፤ የተበላሸ የውሃ ዲስፔንሰር። ብዙዎቹ ርካሽ ዲስፔንሰሮች ኮምፕረሰር የላቸውም፣ የሚያቀዘቅዙት በፔልቲየር ነው። ከፈታሽው ፔልቲየሩን፣ ሂትሲንኩንና ፋኑን በአንድ ላይ ታገኚያለሽ። ሂትሲንኩ ለዚሁ ሥራ ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ ደስ ይላል።

ሂትሲንኩን ከፍ ባለ መጠን ምረጪ የምለው በከንቱ አይደለም። ሱሉልታ ከ2500 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባህር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፋኑ ያው ይሽከረከራል፣ የሚገፋው አየር ግን ስስ ነው፣ የሚሸከመውም ሙቀት ያንሳል። ለታች አገር የተጻፈ መመሪያ «ይህ ሂትሲንክ ይበቃል» ቢልሽ ለኛ አንድ ደረጃ ጨምሪበት።

ሲገጣጠም ሙጫ አይሁን። ፔልቲየሩን በመዳቡና በሂትሲንኩ መካከል አድርገሽ በሁለት ወይም በአራት ብሎን አጣብቂው። በየተራ፣ በማዕዘን በማዕዘን፣ ትንሽ ትንሽ እያጠበቅሽ። አንዱን ጎን ቀድመሽ ብታጠብቂ ሴራሚኩ ቀጭ ይልና ያበቃል። የብረት ብሎን ራሱ ሙቀት መልሶ የሚያሻግር ድልድይ ስለሚሆን ከሥሩ የፕላስቲክ ዋሸር አድርጊ። ፔልቲየሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተትና መዳቡን በሙሉ በፎም ሸፍኚ። ፔስት ሲባል ደግሞ እንደ ቅቤ አይደለም፤ ገጹን ብዥ ካደረገው በቂ ነው።

አሁን ኃይሉ። 5 ቮልት ስጪው። በ5 ቮልት ወደ 2 አምፔር ይወስዳል፣ 10 ዋት ገደማ። ሂትሲንኩ ለብ ከማለት አያልፍም፤ ሴንሰሩ ግን ከውጭው አየር 8 ዲግሪ ያህል ዝቅ ሊል ይችላል። ከቀድሞው 23 ዲግሪ ወደ ዜሮ አካባቢ መጣሽ ማለት ነው። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ካለሽ ቀዩ ሽቦ 5 ቮልት፣ ቢጫው 12፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው፤ እንዲነሳ አረንጓዴውን ከጥቁር ጋር ታገናኛለሽ። ሳጥኑን ግን አትክፈቺ፣ ከሶኬት ከነቀልሽውም በኋላ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ይመታል። ሜዳ ላይ ከሆነ ወይም መብራት የሚያስቸግር ከሆነ ከመኪና ባትሪ ወደ 5 ቮልት በሚያወርድ ኮንቨርተር አድርጊው። ከባትሪው ወደ 1 አምፔር ብቻ ነው የሚወጣው፣ ጤነኛ ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ ያለ ጭንቀት ይችለዋል። ባለ 3 አምፔር ፊውዝ መካከሉ ላይ አትርሺ። ፋኑ ሁልጊዜ መሽከርከሩን አረጋግጪ፣ ፋን ከቆመ ፔልቲየሩንም አጥፊ።

ፋኑ ቴሌስኮፑን ያንቀጠቅጣል። ከብስክሌት ከመነዳሪ ቀለበት ቆርጠሽ በብሎኖቹ ሥር ብታስገቢ ይበርዳል።

አሁን ወደ ጉሙ እንምጣ። ካሜራሽን የገደለው ሙቀቱ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ቀዝቃዛ ደቂቃዎች የተጠራቀመው ውሃ ይመስለኛል፣ ብዙ ሰው የሚሸነፈውም እዚህ ላይ ነው።

አየሩ 10 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 60 በመቶ ቢሆን፣ ወደ 3 ዲግሪ የቀዘቀዘ ማንኛውም ነገር ማላብ ይጀምራል። ጠዋት ሣሩ ላይ የምታይው ጤዛ ያው ነው። አንቺ ደግሞ ሴንሰሩን ከዚያ በታች ልታወርጂ ነው። በቦርዱ ላይ ያለ ክፍል ሁሉ፣ መዳቡም፣ የሴንሰሩ መስታወትም ያልበዋል። ውሃው ኃይል ባለው እግር ላይ ሲያርፍ እግሩን ይበላዋል። ከቀናት በኋላ አረንጓዴ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

እኔ የመጀመሪያዬን የገደልኩት ሌሊት አልነበረም፣ ጠዋት ነው። ሌሊቱን በደንብ ሠርቶልኝ ነበር። ንጋት ላይ ቤት አስገብቼ፣ ቡና እየተፈላ፣ ደስ ብሎኝ ሳጥኑን እዚያው ከፈትኩት። የቤቱ ሞቃትና እርጥብ አየር በረዶ በሆነው መዳብ ላይ ሲያርፍ ውሃው በዓይኔ እያየሁት ጠብ ጠብ አለ። ኃይሉንም አልነቀልኩትም ነበር። ያ ካሜራ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ቦርዱና መዳቡ አየር በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ይግቡ። ትንሽ የአልሙኒየም ወይም የወፍራም ፕላስቲክ ሳጥን ይሆናል። ፊቱ ላይ ጥሩ ጠፍጣፋ መስታወት፣ ሽቦ በሚያልፍበትና በመጋጠሚያው ሁሉ ሲሊኮን። የኮምጣጤ ሽታ ያለው ሲሊኮን ከሆነ ቦርዱን ከማስገባትሽ በፊት አንድ ሁለት ቀን ክፍቱን አድርቂው፣ እንፋሎቱ መዳብ ይበላል። ውስጡ ከጫማና ከቦርሳ ካርቶን የሚገኘውን ሲሊካ ጄል ጨምሪ። ከመጨመርሽ በፊት ፍሬዎቹን ከከረጢታቸው አውጥተሽ በአሮጌ መጥበሻ ላይ በቀስታ አሙቂያቸው፣ የጠጡትን ውሃ ይለቃሉ። ምግብ የምትሠሪበት ዕቃ ላይ ግን አይሁን። ሩዝ ይሠራል የሚሉሽን አትስሚ።

ሳጥኑ ተዘግቶም የፊቱ መስታወት ከውጭ በኩል ሊያልበው ይችላል። 10 ባለ 15 ኦም ሬዚስተሮች በተከታታይ ቀጥለሽ በመስታወቱ ዙሪያ እንደ ቀለበት ለጥፊና ከ12 ቮልት ጋር አገናኚ። አንድ ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል፣ ለመስታወቱ በቂው ነው። የቀለበቱ ሙቀት ወደ ሴንሰሩ እንዳይሄድ ከመዳቡ አርቂው።

የሞተውን ካሜራም ቶሎ አትጣዪው። ኃይሉን ነቅለሽ ቦርዱን በንጹህ አልኮልና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እጠቢ፣ በተለይ በሴንሰሩ እግሮች መካከል። ከፋርማሲ የሚሸጠው አልኮል ውሃ ስላለበት ከተጠቀምሽ ሁለት ቀን ሙሉ ሙቅ ቦታ ላይ ይድረቅ። አረንጓዴው እግሩን ካልቆረጠው የመነሳት ዕድል አለው። ብዙ አንስቻለሁ።

ቀዝቅዞም ጥቂት ነጠብጣብ ይቀራል። እነዚህ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቀመጡ ናቸው፣ ስለዚህ መቀነስ ይቻላል። ቴሌስኮፑን ከድነሽ፣ በተመሳሳይ የሰከንድ መጠንና በተመሳሳይ ሙቀት፣ 20 ያህል የጨለማ ምስል አንሺ። እንደ ሲሪል ወይም ዲፕስካይስታከር ያሉ ነጻ ፕሮግራሞች አማካዩን ወስደው ከኔቡላው ምስል ይቀንሱልሻል። ሙቀቱ ከተለዋወጠ ግን ቅነሳው ልክ አይመጣም፣ ወይ ያንሳል ወይ ጥቁር ጉድጓድ ይተዋል። ቴርሞስታቱን አውጪ ያልኩሽ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዜሮ በታች 5 ሆኖ ከሚወዛወዝ፣ 3 ዲግሪ ላይ ጸጥ ብሎ የሚቆም ካሜራ እመርጣለሁ።

ቦታሽ ጥሩ ነው። የከተማው ብርሃን በደቡብ በኩል ነው፣ እንጦጦም የተወሰነውን ይከልልሻል። በታህሳስ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ኦሪዮን ከአናታችሁ ብዙም አይርቅም፣ ከብርሃኑ በላይ ነው። እዚያው እንጦጦ ላይ፣ 3200 ሜትር አካባቢ፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፤ ክበባችሁ አንድ ቀን ቢጎበኛቸው ልጆቹ ብዙ ያያሉ።

ሜዳ ከመውጣትሽ በፊት ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ሞክሪው። የፍሪጅ ቴርሞሜትር፣ ያ ሽቦ ያለው፣ ርካሽ ነው። አንዱን መዳቡ ላይ ከሴንሰሩ አጠገብ፣ ሌላውን ሂትሲንኩ ላይ፣ ሦስተኛውን ከፋኑ ራቅ አድርገሽ አየር ላይ አንጠልጥዪ። በየ5 ደቂቃው ጻፊ። ሂትሲንኩ ከአየሩ ከ10 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ወይ ፔስቱ በደንብ አልነካም፣ ወይ ቮልቱ በዝቷል። መዳቡ ወርዶ ወርዶ እንደገና መውጣት ከጀመረም እዚያው አጥፊው። ሦስቱንም ቁጥር ከነሰዓቱ ላኪልኝ፣ ከየት እንደሚያፈስ አብረን እናገኘዋለን።